ብርቅታይት በቀን አምስት ጊዜ ታጠጣለች

«ማነው ይህን ያጠጣው?»

ድምፁን ከጀርባዬ ስሰማ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። በእጄ የያዝኩት ቱቦ የእሳት አደጋ መኪና ቱቦ ያህላል። ዞር ስል... ወገኖቼ! በዚህች ላስ ቬጋስ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ቫሌት ሆኜ የነገሥታትን ልጆች መኪና ፓርክ አድርጌአለሁ። ከእነዚያ መኪኖች የወረዱት ቆነጃጅት በሰልፍ ቢቆሙ ከዚህ ሎስ አንጀለስ ይደርሳሉ። አንዷም ቁልፍ ከእጄ አስጥላኝ አታውቅም። ይህቺ ግን ቱቦውን አስጣለችኝ!

ቱቦው ወለሉ ላይ ተገላበጠና መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ጣራውን አጠበው።

«ይዝጉት! ኧረ ይዝጉት!»

ዘጋሁት። ነጭ የሥራ ካፖርቷ በስብሷል። ፀጉሯን የሸፈነችበት መረብ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ዓይኖቿ... ስለ ዓይኖቿ ከጀመርኩ ዛሬ አንጨርስም።

«አዲሱ ሠራተኛ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ሊውል እባላለሁ። በእርሻ በኩል ከባድ ልምድ አለኝ።»

«ልምድዎ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ ነው።»

እርስዎ አለችኝ! ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ግን ሠላሳ አምስት እንደምመስል ያላየ ሰው የለም። የዚያን ቀን መብራቱ በዝቶ ሳይሆን አይቀርም።

ብርቅታይት ትባላለች። የምንሠራበት ቦታ በሕግ ፈቃድ ያለው የካናቢስ እርሻ ነው፤ መስኮት የሌለው፣ አውሮፕላን የሚያስቀምጥ መጋዘን። ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቀን ሰው «አበባ እርሻ ነው» እንላለን። ውሸትም አይደለም፤ የሚሸጠው አበባው ነው። ክፍል ሦስት የእሷ ነው። ሁለት መቶ አርባ ተክል በእሷ እጅ ነው የሚያድረው።

እጇን አንዱ ተክል ያለበት ፖት ውስጥ ከታ ቡናማ ነገር ዘገነችና መዳፌ ላይ አደረገችው።

«ይህ ምን ይመስልዎታል?»

«ምርጥ አፈር!»

«የኮኮናት ልጣጭ ነው። ቃጫ። ኮኮ እንለዋለን። አፈር ቢሆን አጠጥተን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን እንደገና እናጠጣው ነበር። ይህ ግን መድረቅ የለበትም። ከደረቀ ማዳበሪያው ጨው ሆኖ ይቀርና ሥሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፤ ከሥር ጥቂት እስኪንጠባጠብ ድረስ። የሚንጠባጠበው ጨውን ይዞልን ይወጣል።»

«ቶሎ ቶሎ ስትይ... በሳምንት ስንቴ?»

ሳቀች። ወገኖቼ፣ ያን ሳቅ የሰማ ካዚኖ ገብቶ ቤቱን አስይዞ ይጫወታል!

«በሳምንት? በቀን ነው እንጂ! ችግኝ ሲሆኑ በቀን አንዴ ይበቃቸዋል። እንደነዚህ አድገው አበባ ሲይዙ አምስት ጊዜ። ባዶ ውሃም አይሰጣቸውም፤ ሁልጊዜ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ነው።»

«አምስት ጊዜ! እኔን እኮ በዓመት አምስት ጊዜ የሚያስታውሰኝ የለም።»

«እርስዎ ኮኮ ላይ አልበቀሉማ» አለችና ሄደች።

በቃ። አለቀልኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ውሃው ብቻውን አይፈስም። ተክሎቹ በተደረደሩበት በእያንዳንዱ ጠረጴዛ የውሃውን መክፈቻ፣ ቫልቩን፣ የሚከፍት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ኤልሳዕ ነው።

ኤልሳዕ የፓምፕ ባለሙያ ነው። ረጅም። ትከሻው ሰፊ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ወንድ አልወድም፤ ሴት የልቧን ሁሉ እየሞላች ታስበዋለች። መብራቱ በበራ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ውሃ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። በእያንዳንዱ ጊዜ እሱ ቫልቩ ጋ ይቆማል፤ እሷ ተንበርክካ ከሥር የሚወጣውን ውሃ በመለኪያ ታያለች።

«ኤልሳዕ፣ ክፈተው።»

«ከፈትኩ።»

«በቃ፣ ዝጋው።»

«ዘጋሁ።»

ጤነኛ ሰው ቢሰማ ሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው ይላል። እኔ የሰማሁት ግን የሙሽሮች ዘፈን ነው! እኔን እርስዎ፣ እሱን አንተ! በቀን አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሃያ አምስት ጊዜ! እኔ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ አንዴ፤ እሱም ማይክሮዌቭ ተራ ከደረሰኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። አርባ ቀን... እሺ፣ አራት ቀን አልተኛሁም። ከዚያ እንደ ወንድ ልሁን ብዬ አበባ ገዛሁ። በላስ ቬጋስ ታሪክ እንደዚያ ያለ እቅፍ አልታየም። በሩን በጎን ነው ያለፍኩት። ክፍል ሦስት ደጃፍ ላይ ደርሼ «ብርቅታይት!» ስል ጮኸች።

«አያስገቡት! ኧረ በማርያም! የውጭ አበባ እዚህ አይገባም! ተባይ ያመጣብኛል!»

«ጽጌረዳ እኮ ነው...»

«ቢሆንም! ኤልሳዕ፣ ቶሎ አውጣልኝ!»

ኤልሳዕ መጣ። እቅፉን ከእጄ ወስዶ በፕላስቲክ ጠቀለለና ውጭ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ቀስ አድርጎ ነው የከተተው። ወርውሮት ቢሆን ይሻለኝ ነበር!

የዚያን ቀን ከሰዓት፣ ወገኖቼ፣ እስከ ዛሬ የምጸጸትበትን ሥራ ሠራሁ።

ማናጀራችን ናኦድ ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ልቡ ግን ወርቅ ነው። እናቱ «ትልቅ ሰው ሲናገር አትከራከር» ብላ ነው ያሳደገችው።

«ጋሼ ሊውል፣ ሥራው እንዴት ነሽ?» አለኝ ምሳ ክፍል።

«ሥራው ጥሩ ነው። ውሃው ግን በዛ።»

«በዛ?»

«አምስት ጊዜ ምን ይሠራል? ጠዋት አንዴ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ነው። ጨዋ ተክል በቀን አንዴ ይጠጣል!»

«ግን ብርቅታይት በኮኮ አምስት ነው ትላለች። ሚተሩም እንደዚያ...»

«ልጄ፣ ሚተሩን ነው እኔን ነው የምታምነው? አባቴ መቶ ጋሻ መሬት ያረሱ ሰው ናቸው። እኔ ራሴ እርሻ ኮሌጅ ነው የተመረቅሁት።»

«ሪሊ?»

«በማዕረግ!»

አንገቱን ደፋ። እውነቱን ልንገራችሁ? አባቴ ጎሚስታ ነበሩ። እኔም ከአፈር ጋር የተዋወቅሁት ኳስ ስጫወት እየወደቅሁ ነው።

በማግሥቱ ክፍል ሦስት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ። ብርቅታይት አንብባ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ነዎት እንዲህ ያሉት?»

«ለተክሎቹ ብዬ ነው።»

«ጋሼ ሊውል፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ስድስት ዓመት ረዳት ሆኜ ነው ይህን ክፍል ያገኘሁት። ከተበላሸ የሚነጠቀው ከእኔ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩም። ግን ከጀርባዋ ኤልሳዕ ቫልቩን ተደግፎ ቆሟል። በሳምንት የሚገናኙት ከሃያ አምስት ወደ አምስት ይወርዳል ብዬ አሰብኩ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

አራተኛው ቀን ላይ የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ሆነ። እኩለ ቀን ሲሆን ተክሎቹ እጁን እንደጣለ ሰው ዝቅ ይላሉ። ብርቅታይት ከሥር የወጣችውን ጥቂት ውሃ ለክታ መለኪያውን ሁለቴ አራገፈችው፤ ቁጥሩ የተሳሳተ መስሏት። አልተሳሳተም። ጨው ነው።

ለናኦድ ነገረችው። ናኦድ እኔን ጠየቀኝ። እኔም «ይለምዱታል!» አልኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ሲቀና ነዋ!

«አርብ ባለቤቶቹ ይመጣሉ» አላት ናኦድ። «ሶሪ፣ ብርቅታይት። እንዲህ ካዩት ክፍሉን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።»

እሮብ ሺፍት ሲያልቅ ብርቅታይትና ኤልሳዕ በአንድ መኪና ወጡ። በአንድ መኪና! ተከተልኳቸው። እንደኔ መኪና የሚከተል ፖሊስ እንኳ የለም። ቻይናታውን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ አንድ የሾርባ ቤት ገቡ። እኔም ገብቼ ከኋላቸው ተቀመጥኩና በሜኑ ፊቴን ሸፈንኩ።

«ክፍሉን አርብ ከነጠቁሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት ኤልሳዕ።

«አላውቅም። ማሸጊያ ክፍል ያወርዱኛል።»

«ሬኖ ከተማ ያለው እርሻ ሰው ይፈልጋል። ፓምፑን ለእኔ፣ አንድ ክፍል ላንቺ። እስከ አርብ መልስ ስጡን ብለዋል...» ሾርባውን አማሰለ። «ለሥራው ብቻ አይደለም የምልሽ፣ ብርቅ። ታውቂያለሽ።»

ብርቅ! ስሟን አሳጠረው!

ብርቅታይት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ «ክፍሌ ከተረፈ የትም አልሄድም፤» አለች፣ «ከተነጠቀ ግን... እሄዳለሁ። እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?»

ይህን ጊዜ አስተናጋጇ መጥታ ሜኑውን ከእጄ ወሰደችና አዙራ መለሰችልኝ። ገልብጬው ኖሯል። ብርቅታይት ዞር አለች።

«ጋሼ ሊውል? እርስዎም እዚህ ይበላሉ?»

«ሁልጊዜ! ባለቤቱ የልብ ወዳጄ ነው!»

«እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?» አለችኝ አስተናጋጇ በእንግሊዝኛ።

ሾርባውን ሳልጠጣ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። በቀን አምስት ጊዜ እንዳይገናኙ ብዬ ነበር ያን ሁሉ የዋሸሁት። አሁን በገዛ እጄ ሬኖ ልሰዳቸው ነው፤ አብረው ሊውሉ፣ አብረው ሊያመሹ! ዝም ካልኩ እሷን አጣኋት። ከተናገርኩ ደግሞ እኔ ሊውል፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው፣ ውሸታም ተብዬ ልቀር ነው። እሷም ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት አትፈልግም።

ሁለቱም መንገድ ማጣት ነበር። በአንደኛው ግን ክፍሏ ይተርፋል።

ሐሙስ ጠዋት መብራቱ እንደበራ ናኦድን ክፍል ሦስት ጠራሁት። ብርቅታይት ተንበርክካለች። ኤልሳዕ ቫልቩ ጋ ነው።

«ናኦድ፣ ልጄ... እርሻ ኮሌጅ አልተማርኩም።»

«ሚን? በማዕረግ ያልሽው?»

«ማዕረጉም የለም።»

«መቶ ጋሻውስ?»

«አባቴ ጎሚስታ ነበሩ። ትልቅ ጎሚስታ...»

ብርቅታይት ቀና ብላ አየችኝ።

«...ትንሽ። አንድ መንፊያ ነበራቸው። ስለ ኮኮ የማውቀው ብርቅታይት የነገረችኝን ብቻ ነው። እሷ ልክ ናት። አምስት ጊዜ ነው።»

ናኦድ ፊቱ ተለወጠ። የቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«እማዬ ትልቅ ሰው አይዋሽም ብላኛለች» አለ።

«እናትህ ያሉት ስለ ትልቅ ሰው ነው፣ ልጄ።»

«ለምንድነው ግን?» አለች ብርቅታይት ተነሥታ። «ምን አደረግኩዎት?»

«ቀንቼ ነው።»

ወደ ቫልቩ ጠቆምኩ።

«በቀን አምስት ጊዜ ክፈት ዝጋ ትባባላላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ብትባባሉ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ኤልሳዕ፣ ያ ዝምተኛ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ብርቅታይት ግን አልሳቀችም።

«አንተ!» አለች። «ሁለት መቶ አርባ ተክል! በቅናት! እኔ ሌሊቱን ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳለቅስ አንተ... ውጣ! ውጣልኝ ከክፍሌ!»

አንተ አለችኝ። ስወጣ እንኳ ይህን አስተውያለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ፍረዱ።

በዚያው ሰዓት ማዳበሪያ በትንሹ የተቀላቀለበት ውሃ በብዛት እያፈሰሱ ጨውን ማጠብ ጀመሩ። የሚወጣውን ትለካለች፣ እንደገና ያፈሳሉ፣ ትለካለች። ከዚያ ወደ አምስቱ ተመለሱ። አርብ ባለቤቶቹ ሲመጡ ናኦድ ፊታቸው ቆሞ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ብርቅታይት አስጠንቅቃኝ ነበር» አለ። የተቃጠለው ቅጠል አይድንም፤ ከላይ ግን ያልተቃጠለ አረንጓዴ ጫፍ አዩ። ምርቱ ይቀንሳል ተባለ። ክፍሉ ግን የእሷ ሆኖ ቀረ።

እኔን አላባረሩኝም። ፖት ማጠቢያ ላኩኝ፤ ከመጋዘኑ ኋላ፣ ጣራ ሥር። ያገለገለውን ኮኮ እየደፋሁ ባልዲ ስፈትግ ሰነበትኩ። ብርቅታይት በአጠገቤ ታልፋለች፤ ግድግዳውን እንደምታየው ነው የምታየኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

አንድ ቀን ኤልሳዕ መጣ። ቦርሳ አንግቷል።

«ሬኖ መሄዴ ነው» አለ።

«...ብቻህን?»

«ጠየቅኳት። እምቢ አለችኝ።» እጁን ዘረጋልኝ። «ቢያንስ ጠየቅኳት፣ ሊውል። አንተ ጠይቀሃታል?»

እጁን ጨበጥኩት። እኔ! በሄደበት መንገድ እንኳ ቀናሁበት፤ አፉን ከፍቶ ስለጠየቃት።

በነጋታው ብርቅታይት ራሷ ፖት ልትወስድ መጣች።

«ኤልሳዕ ሄደ» አልኳት።

«ሄደ።»

«አንቺስ ለምን አልሄድሽም?»

«ክፍሌ ተረፈ።»

«ለክፍሉ ብቻ ነው?»

የያዘችውን ፖት አስቀመጠች።

«ሊውል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስትቀና ለእኔ ምን ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አበባ...»

«አበባው ለተባይ ነው። በአፍህ ምን አልከኝ?»

አሰብኩ። ለናኦድ መቶ ጋሻ ነግሬዋለሁ። ለአስተናጋጇ የልብ ወዳጅ ነግሬአታለሁ። ለብርቅታይት... ምንም።

«እወድሻለሁ» አልኩ።

በጣም እንኳ አላልኩም። እጄ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነበር። ዓይኖቿ ሞሉ፤ ግን ቶሎ ጠረገቻቸው።

«አልረሳሁም ያደረግከውን።»

«አትርሺው።»

«ያን ጠዋት እኮ ዝም ብትል ማንም አያውቅብህም ነበር» አለች። «ለዚያ ነው የቀረሁት። ስማ፤ ከዛሬ በኋላ ስትቀና ለእኔ ነው የምትነግረው፤ ለማናጀር አይደለም።»

«እሺ።»

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ ዘንድ ትመጣለህ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምትጠይቅህን ሳትጨምር ትመልሳለህ። አንድ ነገር ከጨመርክ በሩን ታውቀዋለህ።»

እትዬ ጽጌወይን በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገብተው፣ ዘ ስትሪፕ ላይ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ስንት ሰው ሲዋሽ አይተዋል! ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ብርቅታይት ከኋላቸው ቆመች።

«ሥራህ ምንድነው፣ ልጄ?»

«ፖት አጥባለሁ።»

«አባትህስ?»

«ጎሚስታ ነበሩ።»

«ስንት ሱቅ ነበራቸው?»

ላብ አጠመቀኝ። ሃያ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሱቅ አልነበራቸውም። ዛፍ ሥር ነው የሚሠሩት።»

እትዬ ጽጌወይን ወደ ብርቅታይት ዞሩ። «ይህ ሰውዬ የደበቀው ሀብት አለው! ባዶ ሰው እንዲህ ራሱን ዝቅ አያደርግም!»

ብርቅታይት አፏን በነጠላዋ ያዘች። በሕይወቴ የመጀመሪያዬን እውነት ስናገር አላመኑኝም!

«ቀናተኛ ነህ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አሁንም?»

«ዛሬም ቀንቻለሁ። ከቅዳሴ ስትወጡ የመኪና በር በከፈቱላት ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«አቶ ተክለማርያም።»

«ተክለማርያም? ሰባ ስምንት ዓመታቸው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ዝቅ ብለው ነው የከፈቱት፣ እትዬ። ፈገግም ብለዋል።»

እትዬ ጽጌወይን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እሱን ተወው» አሉ በመጨረሻ። «በሩን የከፈቱት ለእኔ ነው።»

«አክስቴ!» ብላ ጮኸች ብርቅታይት።

«ምን አክስቴ ትያለሽ? አንቺ ብቻ ነሽ ሰው ያለሽ?» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ እትዬ ጽጌወይን ክንዴን ይዘው የእሷን እጅ አስያዙኝ።

ጥር ላይ ተጋባን። ናኦድ ሚዜዬ ነበር፤ እናቱም መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ። ኤልሳዕ ከሬኖ ደወለ፤ እኔ ነኝ ስልኩን ያነሣሁት፣ አናግሪው ብዬም ሰጠኋት፤ ከዚያ እንደቀናሁ ለራሷ ነገርኳት።

እንግዶቹ አርባ ነበሩ። አራት መቶ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ብርቅታይት ግን ከትከሻዬ ኋላ ቆማ ይህን እያነበበች ነው። አርባ።